አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በአራት ለአንድ ድምፅ

ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ የግል ትምህርት ቤቶች የጋራ ሞዴል ፈተና አስተባባሪ ኮሚቴ
ለክቡር ሰብሳቢው
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ጥያቄ ቁጥር 17 እና ስለ ግራ እግር ጫማዎ

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣ እንደምን ዋሉ? እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የኮሚቴው አባላትና የኮሚቴው ማህተም ሁላችሁም ደህና ናችሁ ወይ? ዛሬ ጠዋት በእኔ የተነሳ ውሃ የገባበት የግራ እግር ጫማዎስ ደረቀ? ለእሱም ጤና እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሱሪዬ ብቻ እስከ ጉልበቴ ድረስ እርጥብ ነው፣ እሱም ይደርቃል።

ቸኩዬ ስለምጽፍ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ነገሩ ከጭንቅላቴ ሳይወጣ በተራው ላስቀምጠው። ዛሬ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የዓለም ገናው በርና መስኮት ሠሪ ጎረቤቴ ዳዲ እኔ ያዘዝኩትን የላሜራ ሳጥን በፈረስ ጋሪ ጭኖ ደጄ ደረሰ። ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር፣ ቁመቱ አንድ ሜትር፣ ላዩ ክፍት። እኔ ተጠራጣሪ ሰው ስለሆንኩ በዳዲ ሜትር ለካሁት፣ በራሴ ለካሁት፣ ከልብስ ሰፊ ጎረቤቴ በተዋስኩት ደግሞ ለካሁት። ባለቤቴ ሙሉዬ በሩ ላይ ቆማ፣ ሰው ለልጁ ደብተር ይገዛል፣ አንተ ገንዳ ታሠራለህ አለችኝ፤ ሰዓት ስላልነበረኝ ጋሪው ላይ ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት በር ደረስን። ዘበኛው ይሄ ምንድነው ብሎ ቢጠይቀኝ የሒሳብ መልስ ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ መልስ ከሆነ ይግባ፣ የተከለከለው ጥያቄ ይዞ መውጣት ነው ብሎ አሳለፈኝ። ከበሩ ማዶ ቧንቧ አስገብተው ውሃ የሚሸጡት እናት አዴ ገለቴ ደግሞ ሃምሳ ቢጫ ጀሪካን ሞልተው፣ ክዳኑን ጠርቅመው፣ እንደ ተማሪ ሰልፍ አስይዘው ጠበቁኝ። እነሱንም በሦስት ምልልስ አስገባን። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እርስዎ በርዕሰ መምህርነትዎ በወላጆች ስብሰባ ስለ ደንብ ልብስ ከለር ሲያስረዱ፣ እኔ ግቢው መሃል ሳጥኔ አጠገብ ቆሜ እጄን አወጣሁ።

የዛሬውን ስብሰባ ያልተካፈሉ ወላጆች ግራ እንዳይገባቸው፣ እርስዎን ለአፍታ ይቅርታ ጠይቄ ለእነሱ ላስረዳ።

ወንዳፍራሽ እባላለሁ፤ የስምንተኛ ክፍሏ የሩቲ አባት ነኝ። ሰበታ አንድ ዘይት ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ክፍል ስሠራ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ ማትሪክ ላይ ሒሳብ ዲ ነው ያመጣሁት፤ ይሄን ራሴ የምናገረው ኋላ ሌላ ሰው አውጥቶ እንዳያሳፍረኝ ነው። ሁሉን ነገር በተራ ቁጥር መደርደር ልማዴ ነው፤ ዕቃ ክፍል የኖረ ሰው ያልቆጠረውን ነገር አያምንም። ይሄን ደብዳቤ በወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ በግልጽ የለጠፍኩትም ለእርስዎ ካለኝ አክብሮት የተነሳ ነው፤ ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ጸሐፊዎ መሳቢያ ውስጥ ተደራርበው ስላየኋቸው፣ አራተኛው ቦታ እንዳያጣብብባቸው ብዬ ነው።

ጥያቄ ቁጥር 17 እንዲህ ይላል፦ «በደቂቃ 20 ሊትር ውሃ የሚያወርድ ቧንቧ፣ ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ አንድ አንድ ሜትር የሆነን ባዶ ገንዳ በስንት ደቂቃ ይሞላዋል?» ልጄ ሩቲ፣ አንድ ሜትር ኩብ ሺህ ሊትር ነው፣ ሺህ ለሃያ ሲካፈል ሃምሳ ይሆናል ብላ ሃምሳ ደቂቃ የሚለውን ከበበች። የኮሚቴው መልስ ግን አምስት ደቂቃ ነው። ጥያቄው ሁለት ነጥብ አለው። ሩቲ በሒሳብ ሰማንያ ዘጠኝ አመጣች፤ ዘጠነኛ ክፍልን እዚያው ትምህርት ቤት በነጻ ለመማር የሚጠየቀው ዘጠና ነው። ነጻ ቦታው ካልተገኘ ልጅቷን እዚያ የምናቆይበት አቅም የለንም። ነገሩ በሙሉ ይሄው ነው፤ ሌላው ሁሉ ውሃ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። ቅሬታ የሚለው ቃል እንደ እርስዎ ላለ ሰው ስለማይመጥን፣ ምስጋና ብዬ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ቧንቧው አመሰግናለሁ። ኮሚቴው አንድ ሜትር መቶ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አንድ ሜትር ኩብም መቶ ሊትር መሆን አለበት ብሎ አስልቷል፤ መቶ ለሃያ ሲካፈል አምስት፤ አለቀ። የገንዳውን ሦስት ጎን በአንድ ጎን ጨርሶ የመሄድ ፍጥነት ነው፤ በዚህ ፍጥነት የሚሠራ መሥሪያ ቤት በአካባቢያችን እስካሁን አላጋጠመኝም። ይሁን እንጂ ሳጥኑ ኮሚቴው ስለወሰነ ብሎ ስለማይጠብ፣ በአምስት ደቂቃ እንዲሞላ ቧንቧው በደቂቃ ሁለት መቶ ሊትር ማውረድ ይኖርበታል። እኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ሲመጣ ቧንቧው መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ቀጥሎ ያፏጫል፣ ከዚያ እያሰበ ይንጠባጠባል። በሰፈሩ የተመሰገነው የአዴ ገለቴ ቧንቧ እንኳን አንድ ጀሪካን የሚሞላው በሁለት ደቂቃ ነው፤ ሃምሳውን ለማድረስ መቶ ደቂቃ ስለሚፈጅ ዛሬ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ነው የተነሱት። እርስዎ የፈቀዱልንን ቧንቧ ሙሉዬ ሳታውቅ ብትከፍተው፣ እሷን ይተዉና፣ ባልዲዋን ወሊሶ ነው የምንፈልጋት። ለታሰበልን ልማት ምስጋናዬ ይድረስዎ።

2. ስለ ድምፅ አሰጣጡ አመሰግናለሁ። ሩቲ አቤቱታ ስታስገባ የገመትኩት አንድ መምህር በእርሳስ አስልቶ ይመልስላታል ብዬ ነበር። ኮሚቴው ግን ነገሩን አክብሮ፣ አምስቱም አባላት በተገኙበት፣ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን አረጋግጦ፣ ድምፅ ሰጠበት። ቃለ ጉባኤው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት፤ ሙሉዬ እንደማታምነኝ ስለማውቅ ፎቶ አነሳሁት። «አንድ ሜትር ኩብ መቶ ሊትር ሆኖ እንዲቀጥል በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጸድቋል» ይላል። ተቃዋሚው የሒሳብ መምህሩ ኡዘይር ነው፤ ከመካከላችሁ ሒሳብ የሚያስተምረው እሱ ብቻ መሆኑን ኋላ ነው የሰማሁት። በቃለ ጉባኤው መጨረሻ ላይ የቡድን መንፈስ እንዲያዳብር ተመክሯል ተብሎ ተጽፏል።

ምክንያቱንም ጠይቄ በትህትና ነግረውኛል፤ በዚሁ መልስ ታርሞ ቡራዩና ሱሉልታ ላይ ነጻ ቦታ የተሰጣቸው ልጆች ስላሉ፣ አንዱ ከተነካ ሁሉም ይነካል ብለውኛል። ገብቶኛል። የሱሉልታ ብርድ ሜትር ኩቡን አኮማትሮት እንደሆነም ለመጠየቅ አስቤ ነበር፣ አፈርኩ። የማንንም ልጅ ቦታ ንጠቁልኝ አላልኩም፤ እነሱም ይማሩ። ብቻ ኮሚቴው ይሄን ያህል ሥልጣን ካለው፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የሚከተሉትን በአጀንዳ እንዲያስይዙልኝ እለምናለሁ፦

ሀ) ከዓለም ገና እስከ ጦር ኃይሎች ያለው መንገድ ሦስት ኪሎ ሜትር ሆኖ እንዲጸድቅ፤ የሰልፉም ጊዜ አብሮ ቢታይ።
ለ) የሙሉዬ የደም ግፊት ከመቶ ስልሳ ወደ መቶ ሃያ እንዲወርድ፤ አራት እጅ ይበቃል።
ሐ) የእኔ የማትሪክ ሒሳብ። ስለ እሱ በዝርዝር መናገር አልፈልግም።

3. ስለ ፈጣን ምላሽዎ አመሰግናለሁ። ረቡዕ ዕለት ቢሮዎ ገብቼ፣ ከመስኮትዎ የሚታየው የግቢው ጥቁር ሮቶ ሆዱ ላይ በነጭ ቀለም «5 ሜትር ኩብ፣ 5000 ሊትር» ተብሎ እንደተጻፈበት፣ አምስት ሺህ ለአምስት ሲካፈል ደግሞ ሺህ እንደሚመጣ በአክብሮት አሳይቼዎ ነበር። እርስዎም ወደ ሮቶው ረጅም ጊዜ አይተው፣ እናስተካክላለን አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ሐሙስ ጠዋት ስመጣ ጽሑፉ በሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና በሕይወቴ አላየሁም፤ ቀለሙ ራሱ ገና ይሸት ነበር። ሮቶው ግን አሁንም አምስት ሺህ ይይዛል፤ ውሳኔው አልደረሰውም መሰለኝ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ሥራ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። እኛ ጋ አስራ አምስት ሜትር ኩብ ዘይት የጫነ ቦቴ ሲገባ፣ አስራ አምስት ሺህ ሊትር ብዬ መዝግቤ እፈርማለሁ። በእናንተ ስሌት ግን አንድ ሺህ አምስት መቶ ብቻ ነው የምፈርመው። ቀሪው አስራ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ሊትር እንግዲህ የእኔ ነው ማለት ነው። ይሄን ለኦዲተራችን እንዴት እንደማስረዳው አብረውኝ ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ማህተሙንም ይያዙልኝ።

4. ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ዛሬ እጄን ሳወጣ ሊከለክሉኝ ይችሉ ነበር፤ ወላጁ ሁሉ ዞሮ ሳጥኑን ስላየ ፈቀዱልኝ። አምስት ጀሪካን አስገለበጥኩ፤ አምስት ጊዜ ሃያ መቶ ሊትር ማለት ነው። ውሃው ከሳጥኑ ሥር አስር ሴንቲ ሜትር ላይ ቆመ፤ የውስጡን ብየዳ እንኳን በወጉ አልሸፈነም። ያኔ በኮሚቴው ውሳኔ መሠረት ሳጥኑ ሞልቷል ወይ ብዬ በትህትና ጠየቅሁዎ። እርስዎም ከመድረክ ወርደው፣ መነጽርዎን አስተካክለው፣ ጎንበስ ብለው ተመለከቱና መለሱልኝ።

«በመርህ ደረጃ ሞልቷል።»

ክቡር ሰብሳቢ፣ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚህች ያለ ዓረፍተ ነገር ግን አልሰማሁም። በመርህ ደረጃ የሞላውን ሳጥን በተግባር ደረጃ ለመሙላት ፈቃድዎን ጠይቄ ቀጠልን። ወላጆች እጃቸውን ሰብስበው ተነሱ። አዴ ገለቴ ከሳጥኑ ራስጌ ቆመው በኦሮምኛ ይቆጥራሉ፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፤ እኛ ከኋላቸው በአማርኛ እንከተላለን። ሃያኛው ላይ ኮታቸውን ያወለቁ አባቶች ነበሩ። ሰላሳኛው ላይ ስለ ደንብ ልብስ ከለር የሚያስታውስ ሰው አልቀረም። አርባኛው ላይ የሳጥኑ ሆድ ሠርግ ቤት የዋለ ሰው ሆድ መስሎ መነፋት ጀመረ፤ ዳዲ፣ አንግል ብረት ጨምሬበት ነበር እኮ እያለ በሁለት እጁ አቀፈው፤ አንድ ቶን ውሃ በክንድ እንደማይያዝ ነገርኩት፣ አልለቅም አለ። አዴ ገለቴ አፉርተሚ ሰዴት ሲሉ፣ አርባ ስምንተኛው ማለት ነው፣ ሳጥኑ ገንፍሎ የግራ እግር ጫማዎን አገኘው። በቀኝ በኩል ቆመው ቢሆን ደረቅ ነበሩ፤ ሳጥኑ ወደ ግራ ትንሽ ያዘነብል ነበር፤ ጥፋቱ የግቢው ድንጋይ ነው።

እዚህ ድረስ ደስታ ነው። ግን ዞር ስል ሁለት ሙሉ ጀሪካን ቆመዋል። ሃምሳ አስልቼ፣ በአርባ ስምንት ሞላ። ባዶዎቹን ጀሪካኖች ሁለት ጊዜ ደግሜ ቆጠርኳቸው። ዕቃ ክፍል ውስጥ ከጎደለ ይልቅ የተረፈ ነው የሚያስፈራው፤ የጎደለው ተሰረቀ ይባላል፣ የተረፈውን ማን ምን ይለዋል?

5. ስለ ጸሐፊዎ ፍጥነት አመሰግናለሁ። አቶ ሰለሞን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምንም ሲያሰሉ አላየኋቸውም። ሁለቱን ጀሪካን ሲያዩ ግን ስልካቸውን መዘዝ አድርገው አርባ ስምንትን በሃያ አባዙ፤ ዘጠኝ መቶ ስልሳ። በጆሮዎ ነገሩዎ። እርስዎም ማይክሮፎኑን አንስተው፣ ወላጁ ራሳቸው በገዛ ሳጥናቸው እንዳረጋገጡልን አንድ ሜትር ኩብ ሺህ ሊትር አይደለም ብለው አወጁ። ተጨበጨበ። ደንግጬ ነው መሰለኝ እኔም አጨበጨብኩ።

በኋላ መምህር ኡዘይር ቀስ ብሎ እንደነገረኝ፣ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ከሺህ የሚርቀው በአርባ ነው፣ ከመቶ የሚርቀው በስምንት መቶ ስልሳ ነው። እኔ ግን ያኔ ይሄን የሚያስብ ጭንቅላት አልነበረኝም፤ የማስበው ማትሪክ ላይ ያመጣኋትን ዲ ነበር። ልጄ ናት ከሰው መሃል ወጥታ አዴ ገለቴ ዘንድ የሄደችው። ጀሪካኑን እስከ ምን ድረስ ነው የሚሞሉት ብላ ጠየቀቻቸው።

«እስከ አፉ ነዋ፣ ልጄ። ሃያ ብዬ ሃያ ብቻ ሰጥቼ የማውቅ መሰለሽ? ምርቃት የሌለው ውሃ ጉሮሮ ያንቃል።»

ጉዱ ይሄ ነበር፣ ክቡር ሰብሳቢ። እኛ ሰፈር ሽንኩርት የገዛ አንድ ራስ ይመረቅለታል፤ ከሰል የገዛ እፍኝ ይመረቅለታል፤ አዴ ገለቴም ከሃያው መስመር አልፈው እስከ አንገቱ ሞልተው ነው የሚሰጡት። ዕድሜዬን በሙሉ ስለካ የኖርኩ ሰው ይሄን ረስቼ፣ የጀሪካኑን ስም እንጂ የሴትየዋን እጅ ሳልቆጥር ቀረሁ። ሩቲ ከተረፉት ሁለት ጀሪካኖች አንዱን በአንድ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ እያስለካች አስቀዳች። ሃያ ፕላስቲክ ሞላ፤ ሃያ አንደኛው ሊሞላ ሁለት ጣት ሲቀረው ውሃው አለቀ። በየጀሪካኑ ከስምንት መቶ ሚሊ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ምርቃት አለ፣ በአርባ ስምንት ሲባዛ አርባ ሊትር ይሆናል፣ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ላይ ሲደመር ሺህ አለች። ወረቀትም አልያዘችም። እኔ ማትሪኬን ይዤ ዞር አልኩ።

ኮሚቴው ለአምስት ደቂቃ ጥግ ይዞ ተመካከረ፤ በእርስዎ ሰዓት ስንት እንደሆነ አላውቅም። ተመልሰው የሰጡት ምላሽ፣ ምርቃት በሥርዓተ ትምህርቱ ስላልተካተተ በስሌት ውስጥ አይገባም የሚል ነበር። አቶ ሰለሞንም በቃለ ጉባኤያቸው ላይ በውሃ ሻጯ ጀሪካን ላይ የመለኪያ ጉድለት ታይቷል ብለው ጻፉ። አዴ ገለቴ ይሄን ሲሰሙ የደረሰውን እርስዎ በዓይንዎ ስላዩት አልደግመውም። አርባ ሊትር መርቄ ጎደለ ተባልኩ፣ ኦቦ፣ አጉድዬ ብሰጥ ምን ልባል ነበር ብለው ሲጠይቁዎ ወደ ሮቶው ነበር የሚያዩት።

6. ስለ ደረሰኙ ከሁሉ አስበልጬ አመሰግናለሁ። አንድ ቶን ውሃ ተሸክሞ የሚወጣ ጋሪ ስለሌለ፣ ውሃው ለትምህርት ቤቱ አትክልት በስጦታ ገቢ እንዲሆን እርስዎ ራስዎ አዘዙ። የትምህርት ቤቱ ዕቃ ክፍል ኃላፊ ወይዘሮ ጠይባ የሥራ ባልደረባዬ ናቸው ማለት እችላለሁ፤ ባንተዋወቅም አንድ ዓይነት በሽታ ነው ያለን። መጡ፣ ሳጥኑን በራሳቸው ሜትር ለኩ፣ ከላይ የጎደለ እንደሌለ አዩ፣ ማንንም ሳያማክሩ የገቢ ደረሰኝ ቆረጡልኝ። እንዲህ ይላል፦ «ውሃ። ብዛት፦ አንድ ሜትር ኩብ። 1000 ሊትር።» ከሥሩ ፊርማ አለ። ከፊርማው ጎን የትምህርት ቤቱ ማህተም አለ። ድምፅ አልተሰጠበትም። ፎቶውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ወይዘሮ ጠይባን አደራ፣ የቡድን መንፈስ እንዲያዳብሩ እንዳይመክሩብኝ።

7. በመጨረሻም ስለ ድጋሚ ፈተናው። ነገሩ በሰላም እንዲያልቅ፣ ሩቲ ብቻዋን፣ በልዩ ሁኔታ፣ ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ቁጥር 17ን እንደገና እንድትሠራ ኮሚቴው ወስኖልናል። ጥያቄው ያው ነው፤ መልሱም ያው ነው፤ አምስት ደቂቃ። ይሄን ሲነግሩኝ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ነው። ደግነትዎ ገብቶኛል። አምስት ብላ ትክበብ፣ ሁለት ነጥቧን ትውሰድ፣ ዘጠና አንድ ይሙላላት፣ ቦታዋን ታግኝ፣ ቡራዩም አይነካ፣ ሱሉልታም አይነካ ማለትዎ ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ አይታዘቡኝ፣ እኔ ተቀብዬው ነበር። ውሃውን አትክልቱ ላይ ቀድተን ጨርሰን ስንመለስ ባዶውን ሳጥን ጭነን፣ እኔና ልጄ ከሳጥኑ ጎን ጋሪው ላይ ተቀምጠን፣ ነገሩን አነሳሁባት። አምስት ብለሽ ክበቢው፣ ሺህ መሆኑን እኔም አንቺም እናውቃለን፣ ውሃውም ያውቃል፣ ምን ቸገረሽ አልኳት። ዳዲ የሰማ እንዳይመስል ፈረሱን ያናግራል። ከዋናው መንገድ ወደ እኛ ሰፈር ስንታጠፍ ወደ እኔ ዞራ ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ አንተ ዕቃ ክፍል እንደዛ ብለህ ትፈርማለህ?»

ክቡር ሰብሳቢ፣ በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዲት ሊትር አዛብቼ አልፈረምኩም። ጎበዝ ሆኜ አይደለም፤ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። አለቃዬ አንድ ጊዜ፣ ዝም ብለህ ፈርም ብሎኝ ሦስት ቀን ሆዴን ታምሜ ቀርቻለሁ። ይሄን ለልጄ አልነገርኳትም። አልፈርምም ብቻ አልኳት። እሷም እሺ አለችና ወደ መንገዱ ዞረች፤ እኔ ግን እስካሁን አልተረጋጋሁም፤ ለዚህ ነው ሱሪዬ ሳይደርቅ የምጽፍልዎ።

እንግዲህ የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰኞ ከሦስት ሰዓት በፊት መልሱ ይታረም። ሁለተኛ፣ ማረም ካልተቻለ፣ ሩቲ ወረቀቷን ስታስረክብ እርስዎ ራስዎ ቆመው በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ያድርጉባት፤ ኮሚቴ አይላኩ፣ ድምፅም አይሰብስቡ። እጅዎ እሺ ካለዎ ያኔ እኔም አፌን እዘጋለሁ።

ጊዜዎን ሰውተው እዚህ ድረስ ስላነበቡ፣ ሒሳብን ከቁጥር ባርነት አላቀው ለሕዝብ ድምፅ ስላስረከቡ፣ ለገንዳዎቻችን እረፍት፣ ለቧንቧዎቻችን ኃይል ስለሰጡ፣ ከቤተሰቤና ከእርጥብ ሱሪዬ ጋር ከወገቤ ዝቅ ብዬ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የኮሚቴው ዕድሜ ይርዘም፤ በምን እንደሚለካ ግን እናንተው ታውቃላችሁ።

ከማይለካ አክብሮት ጋር
ወንዳፍራሽ፣ የሩቲ አባት
ሰበታ

ግልባጭ፦
ለመምህር ኡዘይር፣ ለአንዷ ተቃውሞው
ለአዴ ገለቴ፣ ከነምርቃታቸው
ለወይዘሮ ጠይባ፣ ለፋይል
ለሮቶው፣ እንዲያውቀው ያህል

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ደብዳቤውን ለሩቲ አስነብቤያት ነበር። ብዙ ቦታ ሳቀች፤ ስለ ጫማዎ ያለውን አውጣው አባዬ፣ ሰውየው ያፍራል አለችኝ፤ አላወጣሁትም። ሰኞ ስንት ብለሽ ትከቢያለሽ ብዬም አልጠየቅኋትም፤ ሃምሳ ደቂቃ ብላ ነው የምትከበው። በእኔ በኩል ያለው ሁሉ ተዘግቷል። የዳዲ የሳጥኑ ተከፍሏል። የጋሪው ተከፍሏል። አዴ ገለቴ የውሃውን ዋጋ ሙሉ ተቀብለዋል፤ ምርቃት አይከፈልበትም ብለዋል። ያልተከፈለው የሩቲ ሁለት ነጥብ ነው።